አርባ ጎድን ያላት መርከብ

ልጅ ሳለሁ፣ ምላሴ ከቁመቴ በሚረዝምበት ዘመን፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መርከብ ተሰቅላ አይቻለሁ። አዎ፣ ተሰቅላ። ሌላው ዓለም መርከቡን ውሃ ላይ ያስቀምጣል። እኛ ግን ባሕር የለን፤ የቧንቧው ውሃም ቢሆን እንደ ትልቅ እንግዳ ተጠርቶ፣ ተለምኖ፣ ደስ ሲለው ነው የሚመጣው። ስለዚህ የእኛ መርከብ ከጣሪያ በወረደ የሥጋ መንጠቆ ላይ፣ አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀስራ፣ ለበዓል እንደታረደ በሬ ተንጠልጥላ ነበር ያደገችው።

ይህን ሳወራ የሚያምነኝ የለም። አሁን ሜክሲኮ፣ ከታክሲ ሰልፉ አጠገብ ሳምቡሳ እጠብሳለሁ፤ ሰልፈኛው ሳምቡሳውን የሚገዛኝ ለወሬዬ ማወራረጃ ነው። ከትምህርት ጋር አራተኛ ክፍል ላይ ተኳርፈን እስከዛሬ አልታረቅንም። ሰፈርተኛው «ሬዲዮ» ይለኛል፣ ያውም ባትሪ የማያልቅባት። ለቅሶ ቤት በሦስተኛው ቀን የምጠራው እኔ ነኝ፣ ሰው ትንሽ ጥርሱን እንዲያሳይ። ስለዚህ እዚህም ትንሽ ብጨምር አትፍረዱብኝ፤ የምጨምረው ጨው ነው እንጂ ሥጋው የታሪኩ የራሱ ነው።

መርከቧን የሠሩት አባባ ሸምሱ ይባላሉ። ሚስታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ ከእኛ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሰንጋ ተራ በስሙ ብቻ ሳይሆን በበሬውም ሰንጋ ተራ በነበረ ጊዜ ተወልደው፣ ዕድሜ ልካቸውን እዚያው ሥጋ ቤት ቆመው፣ ሰፈሩ ፈርሶ ፎቅ ሲሆን ከነቢላቸው ከነመንጠቋቸው ወደ ልደታ የገቡ ሰው ናቸው። ባሕር አይተው አያውቁም። በዕድሜያቸው ያዩት ትልቁ ውሃ ዝዋይ ነው፤ እሱንም በአውቶቡስ መስኮት፣ እንቅልፍ ይዟቸው፣ በግማሽ ዓይን።

ነገሩ የተጀመረው በካሌንደር ነው። ግድግዳቸው ላይ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ካሌንደር ነበር፤ አንዱ ገጽ ላይ ገና በመሠራት ላይ ያለች የእንጨት መርከብ አለች፣ ጣውላ ያልለበሰች፣ አጥንቷ ብቻ የቆመ። አባባ ሸምሱ ወሩ ካለፈ በኋላም ገጹን አልገለጡትም። አንድ ቀን እናቴ የላከችውን ወጥ ይዤ ስገባ ሥዕሉ ፊት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል።

«ነይ እስኪ ሬዲዮ፣ ይሄ ምንድነው?» አሉኝ።

«መርከብ ነዋ አባባ።»

«አይደለም። በጀርባው የተኛ በሬ ነው። ይኸው አከርካሪው፣ ይኸው ጎድኑ፣ ይቺ ወደፊት የወጣችው ደግሞ ፍሪምባው። በሬ ሲበልት የኖረ ሰው መልሶ መግጠም ያቅተዋል?»

ያኔ ነው በዓለም ላይ ያለ መርከብ ሁሉ በጀርባው የተኛ በሬ መሆኑን ያወቅሁት። እስከዛሬም ይህን የሚያፈርስ ማስረጃ ያመጣልኝ የለም።

ለሥራው የመረጡት ኮሙናሉን ነው። ኮሙናል ማለት በብሎኮቹ መሀል ለሁሉም ነዋሪ ተብሎ የተሠራ ቤት ነው፤ ብርድ ልብስ የሚታጠብበት የሲሚንቶ ገንዳ አለው፣ ለበዓል የሚታረድ የሚሰቀልበት መንጠቆ አለው። ከበዓል እስከ በዓል ባዶውን ስለሚውል አባባ ሸምሱ ማታ ማታ የከሰል ምድጃቸውንና የድሮ ሥጋ ቤታቸውን ፋኖስ ይዘው ይወርዳሉ። እኔም ሳልጠራ እከተላለሁ። መብራት ብዙ ጊዜ ይጠፋ ነበር፤ ያኔ የከሰሉ ፍም ብቻ ፊታቸውን ከሥር እያቀላው፣ የመርከቧ ጥላ ግድግዳው ላይ ሲወዛወዝ፣ ጭሱ በመስኮቱ ፍርግርግ እየተሹለከለከ ሲወጣ፣ ልደታ ውስጥ መሆኔን እረሳው ነበር።

መሣሪያቸውን ያየ አናጢ ስቆ ይሞታል። መጋዛቸው አጥንት ሲቆርጡበት የኖሩት ነው። መላጊያ የላቸውም፤ በቀጭኗ የቆዳ መግፈፊያ ቢላ እንጨቱን እንደ ስብ እየላጡ ያሳሱታል፣ በየመሀሉም ቢላዋን በሞረድ ያፏጯታል። ያ ፉጨት ሲሰማ እስከ ሜክሲኮ ድረስ ያለ በግ ሁሉ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል ይባል ነበር፤ ባይዋ እኔ ነኝ። ሜትር አያውቁም። ረጅሙን በስንዝር፣ አጭሩን በጣት፣ ከጣት ያነሰውን «የጥፍር እድፍ ታህል» እያሉ ይለካሉ። ሙጫ እስኪደርቅ ጣውላ ለጣውላ የሚያያይዙት በእናቴ የልብስ መቆንጠጫዎች ነው፤ በዚያ ዓመት ቤታችን የታጠበ ልብስ ሁሉ በነፋስ ተወስዶ ጎረቤት ሲለብሰው ከረመ። እንጨቱ የቲማቲም ሣጥን ነው። ከሱቅ የመጣ ነገር ቢኖር ብርጭቆ ወረቀት ብቻ ነበር፤ በእሱ ማለስለሱ የእኔ ድርሻ ስለሆነ የጣቴ አሻራ ጠፍቶ መታወቂያ ሊከለክሉኝ ነበር።

ጎድን ማጉበጥ ግን ማንም የማይነካው የእሳቸው ጥበብ ነው። ቀጭኑን ጣውላ የፈላ ውሃ ውስጥ ይነክሩታል። ሲለሰልስ ያወጡና በጋለ ማንቆርቆሪያ ሆድ ላይ አስደግፈው በሁለት እጃቸው ቀስ እያሉ ይጫኑታል።

«በግድ ካጎበጥሽው ቀጭ ይላል» ይሉኛል። «መጀመሪያ አሙቂው። ከዚያ ወሬ አውሪለት። ወሬውን ሲሰማ ሳያውቀው ይጎብጣል።»

ቅርጹን ይዞ እስኪቀዘቅዝም እጃቸውን ማንሳት አይችሉም። እጅ ሲታሰር ምላስ ይፈታል፤ አባባ ሸምሱ ተረት የሚጀምሩት ያኔ ነው። ጎድኑ ሲቀዘቅዝ ተረቱ ያልቃል፣ በሲባጎ ይታሰራል፣ ወደየቤታችን እንገባለን። በአንድ ምሽት አንድ ጎድን፣ ለአንድ ጎድን አንድ ተረት። በሬ ደግሞ በየጎኑ አሥራ ሦስት ጎድን ስላለው የመርከቧም ጎድን ሃያ ስድስት እንዲሆን ተወሰነ። ካሌንደሩ ላይ ያለችው ስንት እንዳላት አልቆጠሩም፤ «ሠሪዋ በሬ አያውቅ ይሆናል» አሉ።

ከሁሉ የማልረሳው የአምስተኛውን ጎድን ተረት ነው። ምድር በውሃ ልትጠፋ ስትል፣ አሉ፣ እንስሳው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ወደ ታላቋ መርከብ ገባ። እሳቸው «ነቢዩ ኑህ» ሲሉ እኔ «ኖኅ!» እያልኩ አርማለሁ፤ «የእናንተም የእኛም አንድ ሰው ናቸው፣ አታቋርጪኝ» ይሉኛል። ዝሆኑ ገባ፣ ቁንጫው ገባ፤ በሬው ብቻ በር ላይ ቀረ። ለምን ቢባል ደላላው ገመዱን አልለቅ ብሎ። «ይሄ ሰንጋ እንዲህ በዋዛ አይገባም፣ ጥርሱን እዩልኝ፣ ሻኛውን ዳብሱልኝ» እያለ ሲከራከር ውሃው ቁርጭምጭሚት ደረሰ፣ ጉልበት ደረሰ፣ አንገት ደረሰ። በመጨረሻ በሬው ታክቶት ዘሎ ሲገባ ደላላው ጭራው ላይ ተንጠልጥሎ አብሮ ገባ።

«ይኸውልሽ» አሉ አባባ ሸምሱ፣ «ከዚያ ሁሉ ጥፋት ደላላ የተረፈው በዚህ ነው። ቤት ስትከራዪ ትደርሺበታለሽ።»

ደርሼበታለሁ።

ሙጫውን አሁን ላውራ፣ ሳላወራ ብቀር አፍንጫዬ ይቀየመኛል። አባባ ሸምሱ ሙጫቸውን የሚሠሩት ከሰኮናና ከቆዳ ቅንጥብጣቢ ነው። ብረት ድስት ውስጥ ከውሃ ጋር ቀኑን ሙሉ ይንተከተካል፣ ማታ እንደ ማር ይወፍራል። ማጣበቁንስ ያጣብቃል! አንዴ ክርኔን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ ተረት ስሰማ ቆይቼ ጠረጴዛውን ይዤ ቤቴ ልገባ ነበር። ሽታው ግን ከኮሙናሉ ወጥቶ፣ ሜክሲኮ ድረስ ሄዶ፣ ታክሲ አጥቶ በእግሩ ይመለሳል። ነዋሪው አቤት አለ። የብሎካችን ኮሚቴ ሊቀመንበር ጋሽ ታደሰ፣ ንግግር ማድረግ የሚወዱ፣ መብራት ሲመጣም ንግግር የሚያደርጉ ሰው፣ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው መጡ።

«አቶ ሸምሱ፣ በነዋሪው ስም…» ብለው ጀመሩ፤ አየር አጥሯቸው ሳይጨርሱ ወጡ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያልጨረሱት ንግግር እሱ ብቻ ነበር።

ድስቱን የማጥበው እኔ ነበርኩ። «በለብ ያለ ውሃ እጠቢው፣ ወዲያው ይለቅልሻል» ይሉኛል አባባ ሸምሱ። እውነትም ውሃው ሲነካው ልቅቅ ብሎ ይወርዳል። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ሃያ ሦስተኛው ጎድን ላይ ስንደርስ ልጃቸው ራህማ ከቡታጅራ መጣች። ደግ ሴት ናት፤ ስትመጣ ቆጮ ይዛልኝ ትመጣለች። ያን ቀን ግን አባቷን ልትወስድ ነው የመጣችው።

«አባ፣ ብቻዎን አራት ፎቅ በዚህ ጉልበት እየወጡ እየወረዱ እስከ መቼ? እኛ ጋ ቤቱ ምድር ላይ ነው፣ ልጆችዎ እዚያ ነን።»

«የጀመርኳትን ልጨርስና» አሉ አባባ ሸምሱ፣ ወደ መንጠቆው በአገጫቸው እያሳዩ።

«መርከቧ ስታልቅ ይመጣሉ?»

«ስታልቅ እመጣለሁ። ቃሌ ነው።»

ሦስት ጎድን ነው የቀረው። ሦስት ምሽት። እኔ መቁጠር ደካማ ነኝ፣ ያን ቀን ግን በጣቴ ቆጠርኩ። እናቴ ልብስ ስታጥብ ትውላለች፣ ወንድም እህት የለኝም፣ ትምህርት ቤት «አፍሽን ዝጊ» እንጂ ሌላ አልሰማሁም። «አፍሽን ክፈቺ» የሚለኝ ሰው ያገኘሁት ኮሙናሉ ውስጥ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሰረቅሁ። በማግስቱ ማለዳ ታስሮ የደረቀ አንድ ጎድን በቀሚሴ ውስጥ ደብቄ ወጣሁና ከፍራሼ ሥር አስተኛሁት። ማታ አባባ ሸምሱ ጢማቸውን ዳበሱ።

«አይጥ ወስዶታል» አሉ፤ ስንዝር ተኩል እንጨት የሚሸከም አይጥ እንዴት ያለ አይጥ እንደሆነ ሳይጠይቁ ሌላ ጣውላ ነከሩ። ሌላ ጎድን፣ ሌላ ተረት። እንዲህ ከሆነማ ብዬ እኔም ሌላ ወሰድኩ። አይጧ እየወሰደች፣ እሳቸው እየነከሩ፣ ተረቱ እየቀጠለ ክረምቱ ገባ። ፍራሼ ሥር የተከማቸው ጎድን ከመብዛቱ የተነሳ ማታ ስገላበጥ የሚወጋኝ የእኔ ይሁን የመርከቧ መለየት አቃተኝ።

ራህማ ተመለሰች። በዚህ ጊዜ የመጣችው አናጢ ጠይቃ ያገኘችውን አንድ ቆርቆሮ ኮላ ይዛ ነው።

«አባ፣ ይሄ አያሸትም፣ ውሃም አይፈታውም አሉ። በእሱ ቶሎ ይጨርሱ። እሑድ ውሃ ላይ ትውረድ፣ ሰኞ እንሄዳለን። ሻንጣዎን አስሬዋለሁ።»

አባባ ሸምሱ ቆርቆሮውን አገላብጠው አዩት፣ የኮሙናሉ መስኮት ላይ አስቀመጡት፣ ቆባቸውንም አውልቀው ጫኑበት። «የማያሸት ነገር አላምንም» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሚሰረቅ አልተገኘም። ጎድኖቹን ሁሉ በሰኮናው ሙጫ አከርካሪው ላይ ተከሏቸው፤ የቀኙን ከግራው ጋር ጀርባ ለጀርባ እያስተያዩ፣ የረዘመውን በቢላ እየቀመሱለት። ጣውላውን ከአከርካሪው ጀምረው ወደ ላይ አለበሷት፣ እያንዳንዱን በልብስ መቆንጠጫ እየነከሱ። ከኋላ ከፍ ያለችውን ክፍሏን ሻኛ አሏት። ምሰሶዋ የመጥረጊያ እንጨት፣ ሸራዋ የድሮ የሥጋ ቤት ጋዎናቸው፤ ውሃ እንዳይገባባት ደግሞ ሆዷን በሞራ ቀባናት። ከመንጠቆው ስትወርድ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ከእኔ ትረዝም ነበር። እሺ፣ ከክንዴ ትረዝም ነበር።

እሑድ መላው ብሎክ ኮሙናል ገባ። ውሃ እንደ ልማዱ ጠፍቶ ስለነበር በገንዳው ያለው እናቴ ለብርድ ልብስ ብላ አሙቃ ያጠራቀመችው ብቻ ነው። አባባ ሸምሱ «ቢስሚላሂ» ብለው ቀስ አድርገው አስቀመጧት። ግራ ቀኝ ተወዛወዘች፣ ከዚያ ቀጥ አለች። ተንሳፈፈች! እልልታው ሰንጋ ተራ ተሰማ። ራህማ አባቷን አቀፈች። እኔ ብቻ አላጨበጨብኩም፤ በሩ ሥር የቆመችውን ሻንጣ ነበር የማየው።

ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ ብሎካችን ባሕር ባይኖረውም…» ብለው ጀመሩ። ከባሕሩ ወደ ቆሻሻ አጣጣል፣ ከቆሻሻው ወደ ደረጃ መብራት ተሻገሩ። የደረጃውን አምፖል ማን እንደፈታው ሊናገሩ ሲሉ ውሃው ላይ ሞራው እንደ ሾርባ ዓይን አወጣ። ኮሙናሉ ቅቅል ቅቅል ሸተተ። ከየት እንደመጡ ያልታወቁ ሦስት ድመቶች ገቡ። ከዚያ ፍሪምባዋ ቀስ ብሎ ተለየና ብቻውን መጓዝ ጀመረ። ሻኛዋ ተከተለ። ጣውላዋ እንደ ቆዳ ተገፈፈ፣ ጎድኗ አንድ በአንድ እየለቀቀ ግራና ቀኝ ተበተነ።

«ኧረ ተበለተች!» አለች እናቴ።

ጋሽ ታደሰ እንኳ ንግግራቸውን በመሀሉ ተዉት። አባባ ሸምሱ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተደግፈው ይመለከታሉ፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እያለቀሱ መሰለኝ። እኔ በሰረቅሁት ጎድን የተነሳ የፈረሰች ነው የመሰለኝ። ሮጥኩ፣ ፍራሼን ገለበጥኩ፣ ጎድኑን ሁሉ በቀሚሴ አቅፌ መጥቼ እግራቸው ሥር ዘረገፍኩት።

«አይጧ እኔ ነኝ አባባ! እንዳይሄዱብኝ ብዬ ነው!»

ቀና ሲሉ አየኋቸው። ሳቅ ነው ያንቀጠቀጣቸው። እንባቸው እስኪወርድ፣ ጥርስ የሌለው አፋቸው እስኪታይ እየሳቁ ነበር።

ራህማ ወለሉ ላይ ያለውንና ገንዳው ላይ የሚንሳፈፈውን ደምራ ቆጠረች። «አርባ» አለች። «አባ፣ አርባ ጎድን ያለው በሬ የት አገር ነው የሚታረደው?»

«የልደታ ዘር ነው» አሉ አባባ ሸምሱ።

እሷ ግን ወደ መስኮቱ ሄደች። ቆቡን አነሳችው። ኮላው እንደታሸገ ነው። አባቷን አየች፤ አባቷ ጣሪያውን አዩ። ቆቡን መልሳ ቆርቆሮው ላይ አደረገችና፣ «እንግዲህ ያልጨረሱትን ሥራ ጥለው እንዴት ይሄዳሉ» ብላ ሻንጣውን ይዛ ወደ አራተኛ ፎቅ ልትፈታው ወጣች።

ያን ማታ ድስቱን በለብ ያለ ውሃ ሳጥብ ነው የገባኝ። ሙጫው ልቅቅ ብሎ ወረደ። በውሃ ቀቅለው የሠሩት፣ በውሃ እንደሚለቅ በየምሽቱ የሚነግሩኝ እሳቸው አልነበሩም እንዴ? ዞሬ አየኋቸው። ማንቆርቆሪያውን ፍሙ ላይ ጥደው አዲስ ጣውላ እየነከሩ ነበር፣ ቀና ሳይሉ፣ «ምን ያፈዝሻል፣ ነይ ይሄን ያዥልኝ» አሉኝ።

ሁለተኛይቱ መርከብ ሁለት ዓመት ያህል ፈጀች። ተረቱን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ሳምቡሳዬ ያርራል። አንድ ምሽት ግን ኮሙናሉ በር ላይ ስደርስ እግሬ ቆመ። አንድ ነገር ጎድሏል። ፍሙ አለ፣ ፋኖሱ አለ፣ እሳቸው አሉ። ሽታው የለም። ቆባቸውን ራሳቸው ላይ አድርገዋል፣ የኮላው ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ አፉን ከፍቷል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሬዲዮዋ ተዘጋች።

«ራህማ ወለደች» አሉኝ። «ሴት ናት። እዚያም ጆሮ መጣ ማለት ነው። አንቺ እንግዲህ ጆሮሽ ጠግቧል፣ ምላስሽ ይሥራ።»

መርከቧ በገንዳው ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አንድ ቀን ሙሉ ቆማ ዋለች፤ ጋሽ ታደሰ የፈለጉትን ያህል ተናገሩ፣ አንዲት ጣውላ ንቅንቅ አላለችም። በማግስቱ አባባ ሸምሱ እሷን ታቅፈው፣ ሻንጣቸውን እኔ ተሸክሜላቸው ታክሲ ተሳፈሩ። አለቀስኩ? ያ የክረምት ጎርፍ ከየት መጣ መሰላችሁ?

አሁን ምሽት ላይ ሳምቡሳዬን ጨርሼ ስገባ የብሎኩ ልጆች ኮሙናሉ ደጃፍ ይጠብቁኛል። ፍሙን ከምድጃዬ ይዤ እመጣለሁ፣ እጀምርላቸዋለሁ። ያኔ ጣቴ ላይ የቀረው የብርጭቆ ወረቀት ሻካራነት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ የቀረው ግን ሙያው ነው። ተረቴን አሙቄ አጎብጠዋለሁ፣ ጎድን በጎድን እገጥመዋለሁ፣ አንዲቱን መገጣጠሚያ ግን ሁልጊዜ በሰኮና ሙጫ እተዋታለሁ፣ «ከዚያስ?» ሲሉኝ ትንሽ እንድትለቅ። «ኮላ የለሽም እንዴ አንቺ!» ብለው ይጮኹብኛል፣ የአባባ ሸምሱን ታሪክ ያውቃሉና። ኮላማ አለኝ። መስኮቱ ላይ ነው፣ ቆብ ጭኜበታለሁ።